ያላዩትን መመስከር

አንዲት የኮንሶል መልስ እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። መልሱን የጻፈውን ልጅ ያሠለጠንኩት እኔ አልነበርኩም፤ የተጠራሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ዜድ/ኦኤስ በሚባለው የአይቢኤም ሜይንፍሬም ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩ ሁለት ሲስተሞች፣ ሲስፕሌክስ በሚባል ጥምረት ታስረው ዲስክ ይጋራሉ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንደኛው «አለሁ» የሚልበትን ምልክት መጻፍ አቆመ። ሌላኛው አይኤክስሲ402ዲ የተባለውን ጥያቄ አወጣ። ባልንጀራዬ ዝም ብሏል፤ ሪሴት ካደረጋችሁት በኋላ «ዳውን» ብላችሁ መልሱልኝ፣ አለዚያ ስንት ሰከንድ ቆይቼ እንደገና እንደምጠይቅ ንገሩኝ ነው የሚለው። ኦፕሬተሩ ወዲያው «ዳውን» አለ። ሪሴት ያደረገ ሰው ግን አልነበረም።

ዝም ያለው ሲስተም አልሞተም። እዚያው ማሽን ላይ የሚሠሩ ሌሎች ሲስተሞች ፕሮሰሰሩን ስለተሻሙበት ተራ አጥቶ ቆሞ ነው። «ወድቋል» ሲባል ሌላኛው ያኛው የያዛቸውን ፋይሎች ቁልፍ ተረከበና በፋይሎቹ ላይ መጻፍ ጀመረ። ያኛውም ተራው ሲደርሰው፣ መባረሩን እስኪያውቅ ድረስ፣ የጀመረውን ጽሑፍ እዚያው ፋይል ላይ ቀጠለ። ፋይሉ ተበላሸ፤ የቀረውን የሙያው ሰው ያውቀዋል።

በግምገማው ስብሰባ አንድ ሥራ አስኪያጅ «ኮማንዶቹን እንደገና ይሠልጥን» አለ። ትዕግሥቴን ያስጨረሰኝ ይህ ነው። ልጁ ኮማንድ አሳምሮ ያውቃል። የጻፈው መልስ ግድፈት የለበትም፤ የጥያቄው ቁጥር ትክክል፣ ቃሉ ትክክል፣ ፍጥነቱም የሚያስመሰግን። ምን ኮማንድ ሊጨምሩለት እንደሆነ አልገባኝም።

የሜይንፍሬም ኦፕሬተር ማለት ኮማንድ የሸመደደ ሰው ነው የሚለው እምነት ከየአቅጣጫው ይመጣብኛል። ሥራ አስኪያጆች «ዋና ዋናዎቹን በሁለት ቀን ስጥልን» ይላሉ። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ የእኛ ልጆችም፣ ቀን ሌላ ሥራ እየሠሩ ማታ ማታ ወደ ኮምፒውተር ሙያ ለመግባት የሚታገሉት፣ ይደውሉና «ጋሼ፣ የኮማንዱን ዝርዝር በቴሌግራም ይላኩልኝ» ይሉኛል። ድካማቸው ይገባኛል፤ ጥያቄው ግን ሰልችቶኛል። ዝርዝሩ በአይቢኤም መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ ማንም በነጻ ያነበዋል። ደግሞም ኮማንድ ብትሳሳት ማሽኑ ራሱ ይነግርሃል። የማያውቀውን ቃል ይመልስልሃል፤ የሌለ መሣሪያ ብትጠራ የለም ይልሃል።

መልስ ሌላ ነው። ሲስተሙ ኦፕሬተሩን የሚጠይቀው ራሱ ሊያየው የማይችለው ነገር ሲገጥመው ነው። ባልንጀራው ወድቆ ይሁን ዘግይቶ፣ ከውጭ ሆኖ መለየት አይችልም። ስለዚህ ሰው ይጠይቃል፤ የተነገረውንም ያምናል። የሚያረጋግጥበት መንገድ ቢኖረውማ መጀመሪያውኑ ባልጠየቀ። «ዳውን» ብሎ የሚመልስ ኦፕሬተር ውል ላይ እንደሚፈርም እማኝ ነው። ገንዘቡ ሲቆጠር ሳያይ የፈረመ እማኝ፣ የእጅ ጽሑፉ ቢያምር ለማን ይበጃል?

ልማዱ የሚመጣው ከሥልጠናው ነው። አዲስ ኦፕሬተር እጁን የሚያፍታታው በታቀደ ማጥፊያ ላይ ነው፤ እሑድ ሌሊት፣ ሁሉ ነገር በሥርዓቱ ከተዘጋ በኋላ። ሲስተሙን ከሲስፕሌክሱ የሚያስወጣውን ኮማንድ ይሰጣል፤ ስሙን ጠቅሶ ያረጋግጣል፤ ከዚያ አይኤክስሲ102ኤ ይመጣል። እሱም ሪሴት ሲደረግ «ዳውን» በሉኝ ነው የሚለው። አጠገቡ የተቀመጠው ነባር ኦፕሬተር «ዝም ብለህ ዳውን በል» ይለዋል። ይላል። ምንም አይሆንም። የሚሮጥ ጆብ የለ፣ የሚጻፍ ፋይል የለ፣ ምን ሊሆን? በሳምንቱም እንዲሁ። ቆይቶ «ሪሴት» የሚለው ቃል ፊቱ ተጽፎ እያለ ዓይኑ ይዘለዋል። የማዕከሉ የአሠራር ደብተርም «ለ102ኤ ዳውን ብለህ መልስ» ብሎ ያሳጥረዋል፤ ሪሴቱ ከደብተሩም ይጠፋል። የ402ዲ ሌሊት ሲመጣ እጁ ከጭንቅላቱ ይቀድማል። በሰላም ቀን የማይጎዳ ምስክርነት መስጠትን ስናለማምደው ከርመን፣ በክፉ ቀን ለምን መሰከርክ ብለን እንቆጣዋለን።

የቴፕ ዘመን ሰዎች ይህን በሌላ መልኩ ያውቁታል። ማሽኑ ሲነሳ የሲስተም ፓራሜተር ይጠይቃል፤ የተለየ ነገር ከሌለ «ዩ» ይባላል፤ ቀጥል ማለት ነው። አይኢሲ507ዲ ደግሞ ቴፑ ላይ ያለው ፋይል የመጠበቂያ ቀኑ ገና አላለፈም ብሎ ይጠይቃል። እዚያ «ዩ» ማለት ግድ የለም፣ ጻፍበት ማለት ነው፤ «ኤም» ካልከው ቴፑን ያወርደዋል። ጠዋት «ዩ» የለመደ ጣት ማታ የሰው ደመወዝ መዝገብ ላይ ሌላ ፋይል ያስጽፋል። የጆቦችን ወረፋ የሚያስተዳድረው ጄስ2 ሲነሳ ለሚያቀርበው የአማራጭ ጥያቄም «ኮልድ» ብሎ የመለሰ ሰው ስፑል ላይ ያለውን ጆብና ሕትመት ሁሉ ጠራርጎ ያጠፋል።  

«ይህ ሁሉ አሁን በአውቶሜሽን ተተክቷል» የሚሉኝ የሙያ ባልደረቦች አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ኤስኤፍኤም የሚባለው ፖሊሲ በአግባቡ ከተዘጋጀ ሲስፕሌክሱ ዝም ያለውን አባል ራሱ ከዲስኩ ይነጥለዋል፤ ነገሩ ለሰው ሳይደርስ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ዜድ/ኦኤስ 1.12 ደግሞ ሳይመለሱ ለቆዩ ጥያቄዎች ሲስተሙ ራሱ መልስ የሚሰጥበትን ፖሊሲ ይዞ መጥቷል። ከዚህ ተነሥተው ኦፕሬተር አያስፈልግም፣ ካስፈለገም ሥልጠናው ይጠር ይላሉ። ለእኔ ስሌቱ ወደ ሌላ ያመራል። ቀላሉን ሁሉ አውቶሜሽን ከወሰደው ለሰው የሚተርፈው መነጠሉ አልሳካ ያለበት ሌሊት ነው። የድሮ ኦፕሬተር በየፈረቃው እየመለሰ ዓይኑን ያሠለጥን ነበር። የዛሬው ከስንት ጊዜ አንዴ ይጠየቃል፤ የሚጠየቀውም ከሁሉ የከበደውን ነው።

ስለዚህ ኮማንድ የማስተምረው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ መልእክት ማንበብ፤ በ«አይ» የሚያልቀው ለመረጃ፣ በ«ኤ» የሚያልቀው እርምጃ፣ በ«ዲ» የሚያልቀው ውሳኔ እንደሚጠብቅ። ቀጥሎ፣ ብዙ ሲስተሞችን በአንድ ማሽን ላይ በሚያስኬደው ዜድ/ቪኤም ላይ ሁለት ሲስተሞችን በሲስፕሌክስ አስርና አንዱን በስቶፕ ኮማንድ ባለበት አቆመዋለሁ። ሰልጣኙ ጥያቄው ሲመጣበት ዝም ብዬ አየዋለሁ። ሳያረጋግጥ «ዳውን» ካለ የቆመውን መልሼ እለቀዋለሁ፤ «ሞተ» ያለው ሲስተም ነፍስ ዘርቶ ዲስኩ ላይ ሲጽፍ በዓይኑ ያያል። ከዚያ ወዲያ መልእክቱን እስከ መጨረሻው ቃል ያነባል።

ከቴክኒኩ የሚከብደኝ ይሉኝታው ነው። የእኛ ልጆች በተለይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲስተም ፕሮግራመሩን መቀስቀስ ነውር ይመስላቸዋል፤ «አያውቅም» መባልን ይፈራሉ። የ402ዲ ጥያቄ ራሱ እኮ ጊዜ የመውሰጃ አማራጭ ይዟል! ሰከንዱን ጽፎ ስልክ ማንሳት ነው። እርግጥ እስከዚያ ሌሎቹ ሲስተሞች ዝም ያለው ሲስተም የያዘውን ቁልፍ እየጠበቁ ይንገላታሉ፤ ተጠቃሚም ይጮኻል። ይጩኽ። የዘገየ ሥራ ሲለቀቅ ይቀጥላል፤ ሁለት ሲስተሞች ተረባርበው የጻፉበት ፋይል ግን ከመጠባበቂያ ቅጂ እስኪመለስ ማንንም አያገለግልም።

ለዚህ ሥራ የምትቀጠሩ ልጆች ሆይ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ነገር ጠይቁ። ሪሴት የሚደረግበት የሃርድዌር ኮንሶል ላይ ፈቃድ አለኝ ወይ? ብዙ ቦታ መልሱን የሚጽፈው አንድ ሰው፣ ሪሴት ማድረግ የሚችለው ሌላ ሰው ነው። ፈቃዱ ከሌላችሁ፣ ያለው ሰው ማን እንደሆነና ሌሊት በየትኛው ስልክ እንደሚገኝ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ይህን የማይሰጥ አለቃ «ዳውን» የሚለውን መልስ ራሱ መጥቶ ይጻፍ።