ስብራቱን አይቶ ብረት መምረጥ

የወፍጮ ቤት ባለቤቶች የተሰበረ ሻፍት ሊያሠሩ ሲመጡ አብዛኞቹ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዋጋው ግድ የለም፣ ብቻ የማይሰበር ብረት ይሁንልኝ።» እውነት አላቸው። ወፍጮ በቆመ ቁጥር ገበያተኛው እህሉን ተሸክሞ ሌላ ጋ ይሄዳል፤ ከሄደው ውስጥም የማይመለስ አለ። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ «ጋሼ፣ የተሰበረውን ይዘውልኝ መጥተዋል?» ብዙ ጊዜ አልመጣም። ወይ ቁራሌው ወስዶታል፣ ወይ ብየዳ ተሞክሮበት የስብራቱ ገጽ ቀልጦ ጠፍቷል። እንዲህ ሲሆን መርካቶ ውስጥ ያለውን ውዱን ብረት ብንገዛም የምንመርጠው በግምት ነው።

ከስብራቱ ገጽ ብዙ ነገር ይነበባል። ከፊሉ ለስላሳ ሆኖ እንደ ተቆረጠ ግንድ ቀለበት የተደራረቡ መስመሮች ከታዩበት፣ ሻፍቱ የተሰበረው በአንድ ቀን ጭነት አይደለም። ትንሽ ስንጥቅ ተነሥታ በየዙሩ ጥቂት በጥቂት ስታድግ ቆይታለች፤ የቀረው ብረት ጭነቱን መሸከም ሲያቅተው በአንድ ጊዜ ተበጥሷል። ይህ የመጨረሻው ክፍል ሸካራ ሆኖ ይታያል። ሸካራው ጠባብ ከሆነ ጭነቱ ያን ያህል ከባድ አልነበረም ማለት ነው። መስመሮቹን ወደ ኋላ ስንከተላቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርሱን ወደ ኪዩ ቦይ ጥግ ወይም ሻፍቱ ከወፍራም ወደ ቀጭን ወደሚወርድበት፣ በቶርኖ በሹሉ ወደተቆረጠ ጥግ ነው። ያ ጥግ ሳይስተካከል ብረቱን ብቻ በውድ መለወጥ ብዙም አያተርፍም፤ እንዲያውም ጥንካሬው የጨመረ ብረት በሹል ጥግ ይበልጥ ይጎዳል። ጥጉን ኩሽኔታው እስከፈቀደ ድረስ ማክበብ፣ የቢላው ጭረት እስኪጠፋም ማለስለስ ብዙ ጊዜ ከብረት ለውጥ የበለጠ ዕድሜ ይሰጣል።

ሻፍቱ ሳይሰበር እየረገበና እየተንቀጠቀጠ ኩሽኔታ የሚበላ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ከርካሹ እስከ ውዱ ድረስ ያለው የአረብ ብረት ሁሉ ለመርገብ ያለው ባሕርይ ተቀራራቢ ነው፤ የመለጠጥ ልኩ 200 ጊጋፓስካል አካባቢ ነው። ስለዚህ መርገብን በውድ ብረት ማስቀረት አይቻልም። የሚያስቀረው ውፍረት ነው፤ ባለ 40 ሚሊሜትሩን ሻፍት ወደ 45 ብናሳድገው ግትርነቱ በ60 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። በርግጥ 6208 የነበረው ኩሽኔታ 6209 ይሆናል፣ ቤቱም አብሮ ይሰፋል። ይህን ወጪ ለደንበኛው አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ ቢሆንም የሚፈለገውን ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገውን ዕቃ የማጠንከር ልማድ ነው። አርሲና ባሌ ስንዴ የሚያጭዱ ኮምባይነሮች ላይ ጭነት ሲበዛ እንዲቆረጡ የተሠሩ ብሎኖች አሉ። ድንጋይ ወይም የእርጥብ ገለባ እብጥ ሲገባ ብሎኑ ተቆርጦ ሰንሰለቱንና ካምቢዮውን ያድናል። የአጨዳ ቀን ውድ ነውና መቆሙ ያናድዳል፤ አንዱ ተነሥቶ ጭንቅላቱ ላይ 10.9 የተጻፈበትን ብሎን ያስገባበታል። 4.6 የተባለው ብሎን 400 ሜጋፓስካል ላይ የሚበጠስ ሲሆን 10.9 ግን እስከ 1,000 ይሸከማል። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ቢገባ የሚሰበረው የካምቢዮ ጥርስ ነው፤ ጥርሱ ደግሞ በወቅቱ አይገኝም። ማኑዋሉ የሚለውን ደረጃ ማስገባት፣ ትርፍ ብሎን በኪስ መያዝም ይሻላል። የነሐስ ቦኮላም እንዲሁ ነው፤ ሻፍቱን አድኖ ራሱ እንዲያልቅ የተሠራ ዕቃ ነውና ቶሎ አለቀ ብሎ በብረት መለወጥ ሻፍቱን ማስበላት ነው።

ለተለመደ ሻፍት 0.45 ከመቶ ካርቦን ያለው 1045 ይበቃል፤ ጭነቱ ሲከብድ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ያለበት 4140 አለ። 4140ን ከመምረጤ በፊት ግን ዕቃው የት እንደሚሠራ እጠይቃለሁ። ከከተማ ርቆ የሚሠራ ማሽን ነገ ሲጎዳ የሚጠገነው በአቅራቢያው ባለ ብየዳ ቤት ነው። 4140 ደግሞ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሳይሞቅ ከተበየደ በብየዳው ጎን ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም አንዳንዴ በነጋታው ነው የሚታየው። ለእንዲህ ያለ ቦታ፣ የሚበየድም ዕቃ ከሆነ፣ ካርቦኑ ዝቅተኛ የሆነውን መርጬ ውፍረቱን እጨምራለሁ። ከእኔ በኋላ የሚጠግነው ሰው በእጁ ያለውን መሣሪያ ማሰብ የሥራዬ አካል ነው ብዬ አምናለሁ።

ከምናለሽ ተራ የሚገዛ አሮጌ ብረትን አልንቅም። የጭነት መኪና ባሌስትራ 0.6 ከመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ምርጥ ብረት ነው፤ የገጠር ቀጥቃጮቻችን ለማረሻ የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። አሮጌ ሴሚያክስን ቶርኖ ላይ አስሮ ሻፍት ማድረግ ግን ያስፈራኛል፤ ዓመታት ሲጠመዘዝ የኖረ ነውና ውስጡ የተጀመረ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል። ፌሮ ደግሞ ለግንባታ የተሠራ ነው፤ ለሻፍት አይሆንም። ግራይንደር ላይ የሚወጣው ብልጭታ ካርቦኑ ያነሰውን ከበዛው፣ ጊዛውንም ከሁለቱ ይለያል፤ 1045ን ከ4140 ለመለየት ግን አላምነውም። ማግኔትም እንዲሁ ነው። ነጋዴው ማግኔት አልያዘም ብሎ 304 ስቴንለስ ነው ሲል 201ም ብዙውን ጊዜ እንደማይይዝ መታወቅ አለበት፤ ኒኬሉ አንሶ ማንጋኒዝ የገባበት 201 ደግሞ እርጥበትና ጨው ባለበት ቶሎ ይዝጋል።

የሚታመነው ወረቀቱ ነው። ደህና ብረት ሲገባ የምድቡ ቁጥር ያለበት የፋብሪካ ማረጋገጫ አብሮት ይመጣል፣ ጫፉም ቀለም ይቀባል ወይም ቁጥር ይመታበታል። ችግሩ ከሱቅ ጀምሮ መጀመሪያ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ ያው ጫፍ መሆኑ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረው 5 ሜትር ማንነቱ አይታወቅም። እኛ ዘንድ ልጆቹ የሚቆርጡት ከቀለሙ በተቃራኒ ነው። ቁራጭ ሲተርፍም ከመደርደሪያ ከመግባቱ በፊት የብረቱ ደረጃ ይመታበታል፤ ያልተመታበት ለወንበር እግር ይሄዳል እንጂ ቶርኖ ላይ ለሻፍት አይታሰርም።