ማን ነህ ሳይል የማይከፍት በር

ኬብሉ አብሮት የተሠራ የታይፕ ሲ ቻርጀር ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ጫፉ በቴስተር ሲለካ ዜሮ ያሳያል። የድሮውን ቻርጀር የለመደ ሰው «ይሄማ ተቃጥሏል» ብሎ ሊጥለው ይችላል። ቻርጀሩ ግን ደህና ነው፤ የሚያናግረው እስኪመጣ ዝም ብሎ ነው።

የድሮው ዩኤስቢ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ የታሰበው ለማውዝ፣ ለኪቦርድና ለመሳሰሉት ነበርና 5 ቮልቱ ሁልጊዜ ቀዳዳው ላይ ይገኛል። አዲስ የተሰካ ዕቃ 100 ሚሊአምፔር፣ ኮምፒውተሩ ከፈቀደለት ደግሞ እስከ 500 ሚሊአምፔር ይወስዳል። ጥበቃው ብዙ ጊዜ ሲግል የሚዘጋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚከፍት ፊውዝ ብቻ ነበር።

በ2014 የመጣው ታይፕ ሲ ግን ዘበኛ ቀጠረ። ዘበኛው የሚቆመው ሲሲ በሚባሉ ሁለት ፒኖች ላይ ነው። ስልኩ በእያንዳንዱ ፒን ላይ 5.1 ኪሎኦም ሬዚስተር ከግራውንድ ጋር አስሮ ይጠብቃል። ኬብሉ ሲሰካ በሲሲ መስመር ያለው ቮልቴጅ ይወርዳል፤ ቻርጀሩም እንግዳ መምጣቱን ያውቃል። 5 ቮልቱን የሚለቀው ያን ጊዜ ነው።

ዋጋው ከቁጥር የማይገባ ይህ ሬዚስተር ባለሙያዎችንም አሳስቷል። ራስበሪ ፓይ 4 የተባለችው ትንሽ ኮምፒውተር በ2019 ስትወጣ ሁለቱ ፒኖች አንድ ሬዚስተር ብቻ ተጋርተው ነበር። ተራ ኬብል ያለ ችግር ይሠራል። መታወቂያ ቺፕ ያለው ውድ ኬብል ሲሰካ ግን ቻርጀሩ የጆሮ ማዳመጫ የመጣ መስሎት ኃይል ይከለክላል። ርካሹ ሠርቶ ውዱ እምቢ የሚልበት ገበያ እምብዛም አይገጥምም! ሠሪዎቹ ስህተቱን አምነው በኋላ በወጡት ቦርዶች ላይ አረሙት።

ከትውውቁ ቀጥሎ ድርድር ይመጣል። ቻርጀሩ በዚያው በሲሲ መስመር ያለውን ይዘረዝራል፦ 5፣ 9፣ 15፣ 20 ቮልት። ስልኩ ወይም ላፕቶፑ የሚፈልገውን ይጠይቃል፤ ቻርጀሩ እሺ ካለ በኋላ ቮልቴጁን ከፍ ያደርጋል። ጣሪያው ለዓመታት 100 ዋት ነበር፤ በ2021 ወደ 48 ቮልትና 240 ዋት ወጣ።

ቮልቴጁ ሲያድግ አደጋውም አደገ። ኃይል የሚሸከመው ፒንና ሲሲ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ከአንዱ መሀል እስከ ሌላው መሀል ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ኬብሉ ተጣሞ ሲነቀል ወይም እርጥበት ሲገባ 20 ቮልቱ ለዚያ ባልተሠራው ሲሲ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ደህና ተደርጎ በተሠራ ፖርት ውስጥ ቮልቴጁን ያለ ዕረፍት የሚከታተል ቺፕ አለ። ገደቡ ሲታለፍ፣ ዓይን ከመርገብገቡ እጅግ ቀድሞ መንገዱን ይቆርጣል።

መንገዱ የሚቆረጠው በትራንዚስተር ነው፤ አንድ ብቻውን ግን አይበቃም። ሞስፌት የሚባለው ትራንዚስተር ሲጠፋም በአንድ አቅጣጫ ከረንት ያሾልካል፤ በተፈጥሮው ውስጡ ዳዮድ አለና። ፓወር ባንክን በመሰለ፣ አንዴ ተቀባይ አንዴ ሰጪ በሆነ ዕቃ ውስጥ ይህ ማሾለክ የባትሪውን ኃይል ወደ ኋላ ሊመልሰው ይችላል። መሐንዲሶች ሁለት ሞስፌት ጀርባ ለጀርባ ያቆማሉ፤ አንዱ የሚያሾልከውን ሌላው ይዘጋል።

ከበሩ ወዲያ፣ ስልኩ ውስጥ፣ አከፋፋይ ይጠብቃል። የገባው ኃይል በቅድሚያ ለሚሠራው ስልክ፣ የተረፈው ለባትሪው ነው። ኬብሉ ቀጭን ሲሆን ሥራው ይከብደዋል፤ ደርሶ መልስ 0.25 ኦም ያለው ሽቦ 2 አምፔር ሲያልፍበት ግማሽ ቮልት ይበላል፤ ከ5 ቮልት ስልኩ ጋ የሚደርሰው 4.5 ነው። አከፋፋዩ ይህን ሲያይ ቮልቴጁ ከዚያ በታች እንዳይወርድ የሚወስደውን ከረንት ይቀንሳል። አንዳንዴ ሰው «ባትሪዬ ደከመ» የሚለው እንዲህ ባለ ኬብል ቻርጁ ሲዘገይበት ነው።

ኬብሉ ራሱ ሲዋሽ ደግሞ ይብሳል። የጎግል መሐንዲስ የነበረው ቤንሰን ሊዩንግ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ከአማዞን የተገዙ ኬብሎችን እየፈተሸ ውጤቱን ይጽፍ ነበር። ከድሮው ዩኤስቢ ወደ ታይፕ ሲ የሚሄድ ኬብል 56 ኪሎኦም ሬዚስተር ሊይዝ ሲገባው አንዳንዶቹ 10 ኪሎኦም ይዘው ተገኙ። ይህ ለስልኩ «3 አምፔር ውሰድ» ማለት ነው፤ ያን ያህል በማይችል ፖርት ላይ። በ2016 መጀመሪያ የሞከረው አንድ ኬብል ግን ከሁሉም ባሰ፤ ግራውንዱና የኃይሉ ሽቦ ተቀያይረውበት ነበርና መፈተሻ መሣሪያዎቹንና ላፕቶፑን አበላሸበት።

ኬብሉ ከተነቀለ በኋላም ቻርጀሩ አንድ ሥራ ይቀረዋል፤ መስመሩ ላይ የተረፈውን ቮልቴጅ በ650 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከ0.8 ቮልት በታች ማውረድ አለበት። ይህ ባይሆን ከላፕቶፕ በ20 ቮልት የተነቀለ ኬብል ወዲያው 5 ቮልት ብቻ የሚችል ስልክ ላይ ሊሰካ ይችላል። ከዚያ በኋላ ጫፉን በቴስተር የለካ ሰው እንደገና ዜሮ ያገኛል።