ዜሮ የሚለው ደብዳቤ

ጎረቤቴ ሁለቱን ደብዳቤ ይዛ የመጣችው ከሌሊት ፈረቃዋ ወጥታ ሳትተኛ ነው። ልጇ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሁለተኛ ደረጃ ልትመረቅ ነው፤ ሁለት ኮሌጆች ተቀብለዋታል። «ይሄኛው ዜሮ ይላል፣ ያኛው 6,500 ዶላር ክፈሉ ይላል። ታዲያ ምኑ ያጠያይቃል?» አለችኝ። ቡናው እስኪፈላ እርሳስ አወጣሁ።

ይህ ደብዳቤ የፋይናንሻል ኤይድ ኦፈር ይባላል፤ ፋፍሳ የተባለውን የፌዴራል ቅጽ ለሞላ ተማሪ ኮሌጁ የሚልከው ነው። ከላይ የዓመቱ ወጪ ይቀመጣል፦ የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ መጽሐፍ። ከሥሩ «እርዳታ» የሚለው ይመጣል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ የሚመለሰውም የማይመለሰውም ገንዘብ በአንድ ርዕስ ሥር ተደርድሮ ይደመራል።

የማይመለሰው ግራንት ነው። ዋነኛው ፔል ግራንት በ1972 በሕግ የተቋቋመ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከሮድ አይላንዱ ሴናተር ከክሌይቦርን ፔል ነው። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች ልጆች የሚሰጥ ነው፤ በ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ግሪን ካርድ ያለው ልጅም ማመልከት ይችላል። «ገና ዜግነት አልወሰድንም» ብለው ቅጹን ሳይሞሉ የሚቀሩ ወገኖቻችን ያንገበግቡኛል። ስኮላርሺፕም አይመለስም፤ ውጤት ሲወርድ ግን ሊቋረጥ ይችላል። ወርክ ስተዲ ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ ነው፤ ካልሠራ የለም። ሎን ያው ብድር ነው። ሰብሲዳይዝድ ከሆነ ልጁ እስኪጨርስ ወለዱን መንግሥት ይችላል፤ አንሰብሲዳይዝድ ከሆነ ወለዱ ገንዘቡ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ፓረንት ፕላስ ደግሞ ወላጅ በራሱ ስም የሚበደረው ነው።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። የመጀመሪያው የግል ኮሌጅ ነው፤ የዓመት ወጪው 62,000። ፔል 7,395፣ የኮሌጁ ግራንት 27,605፣ አንድ ላይ 35,000። ቀጥሎ ወርክ ስተዲ 2,500፣ የልጅቷ ሎን 5,500፣ ፓረንት ፕላስ 19,000። ሁሉም ሲደመር 62,000 ሆነና ከታች ዜሮ ተጻፈ። የማይመለሰውን ብቻ ስንቀንስ ግን 27,000 ቀረ። ሁለተኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ወጪው 29,000፣ ግራንቱ ፔልን ጨምሮ 17,000፣ ሎኑ 5,500። የቀረችውን 6,500 ሳይሸሽግ ክፈሉ ብሏል። ሎኑን ስናወጣበት እውነተኛው ዋጋ 12,000 ሆነ።

«እና ዜሮው?»

«አብዛኛው አንቺ የምትፈርሚበት ብድር ነው።»

ሲኒዋን አስቀመጠች።

ጎረቤቴ ብቻዋን አይደለችም። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ግምት፣ ከመቶ 91 የሚሆኑት ኮሌጆች እውነተኛውን ዋጋ ወይ ጭራሽ አይጽፉም ወይ አሳንሰው ይጽፋሉ። ስለዚህ ሂሳቡ የቤተሰቡ ሥራ ሆኗል።

አንድ ሌላ ነገር። ልጁ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከማኅበር ስኮላርሺፕ ሲያገኝ አንዳንድ ኮሌጅ የራሱን ግራንት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሜሪላንድ በ2017 ይህን በመንግሥት ኮሌጆቿ ላይ በሕግ በመገደብ የመጀመሪያዋ ክፍለ ግዛት ሆናለች፤ ሌላ ቦታ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያዋጣል።

ብዙ ኮሌጆች መልስ የሚፈልጉት እስከ ሜይ 1 ነው። ከዚያ በፊት ደውሉና ግራንቱ ለአራቱም ዓመት ይቀጥል እንደሆነ፣ ስንት ውጤት እንደሚጠይቅ ጠይቁ። ሥራ የቀነሰ ወይም የታመመ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ማስረጃ አያይዛችሁ ድጋሚ እንዲያዩላችሁ አመልክቱ። ደብዳቤውንም እንዳለ መቀበል ግዴታ አይደለም፤ ግራንቱን ወስዶ ብድሩን አልፈልግም ማለት ይቻላል።