ተንሳፈፈ ወይስ በረታ?

በዛሬው የቃላት ዐምዳችን ተመሳሳይ የሚመስሉ፣ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ የማይገባ ቃላትን እናያለን። መነሻችን አንድ ደብዳቤ ነው።

ከተማሪዎቼ አንዱ (በወላጆቹ ፈቃድ ነው የምነግራችሁ) አዲስ አበባ ለሚኖሩት አያቱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «እማማ፣ ድምፅዎን በስልክ ስሰማ እንሳፈፋለሁ።» ደብዳቤው ሲነበብላቸው አያቱ ደነገጡ። ወዲያው ለአባትየው ደውለው «ምነው፣ ልጁን ያዞረዋል እንዴ? ሐኪም ቤት ውሰዱት እንጂ!» አሉ።

ልጁ ምን ሊል ፈልጎ ነበር? ትምህርት ቤት ቀይሮ፣ ጓደኛ አጥቶ ከርሟል። እሑድ እሑድ የሚሰማው የአያቱ ድምፅ ነው ሳምንቱን የሚያሻግረው። ይህን በእንግሊዝኛ አሰበው። በእንግሊዝኛ ደግሞ በውኃ ላይ ለሚቆም ጀልባም፣ ልቡ ለተጽናና ሰውም የሚያገለግል አንድ ቃል አለ። መዝገበ ቃላት ከፈተና የመጀመሪያውን ትርጉም ወሰደ። ቃሉ ትክክል ነው፤ ቦታው ግን አይደለም።

አማርኛችን ይህን ሐሳብ በአንድ ቃል አይጨርሰውም። «ማን አነሣህ? እንዴት አነሣህ?» ብሎ ይጠይቃል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ተንሳፈፈ፦ ሳይሰምጥ በውኃ ላይ ቆመ ማለት ነው። የሚያነሣው ከሥር ያለው ውኃ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ የሚቀዘፈው ታንኳ ደንገል ከሚባል የውኃ ዳር ተክል ይሠራል። የደንገሉ አገዳ ቀላልና በውስጡ አየር የያዘ ስለሆነ ይንሳፈፋል። ውኃ ሲጠጣ ግን ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ወደ ዳር አውጥቶ ያደርቀዋል። ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚወጣው ሰፈፍም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው።

ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ትኩስ እንቁላል ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ብትከቱ ይሰምጣል። ውኃው ላይ ብዙ ጨው ብታሟሙበት ግን እንቁላሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጨዋማ ውኃ ከንጹሕ ውኃ ስለሚከብድ አጥብቆ ይገፋዋል።

ከፍ አለ፦ ከነበረበት ወደ ላይ ወጣ። ይህ ከተንሳፈፈ ይለያል። እኔ በሥራዬ የሒሳብ ባለሙያ ነኝና አንድ ምሳሌ ከሙያዬ ልስጣችሁ። የአንድ አገር ገንዘብ ዋጋ በገበያ ሲወሰን «ተንሳፋፊ የምንዛሪ ተመን» ይባላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ምንዛሪዋ በገበያ እንዲወሰን ስታደርግ ወላጆች ይህን ቃል ሳትሰሙት አልቀራችሁም። የብር ዋጋ ግን ከፍ አላለም፤ እንዲያውም ከዶላር አንጻር ወረደ። የሚንሳፈፍ ነገር ማዕበሉ ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድም ይወርዳል።

ተነሣሣ፦ «ተነሣ» ከሚለው የመጣ ነው። አንድ ነገር ለመሥራት ልቡ ተንቀሳቀሰ ማለት ነው። «እህቷ ስትሮጥ አይታ እሷም ለሩጫ ተነሣሣች» እንላለን።

ተደገፈ፦ ከጎን የሚይዘው አገኘ። ሽማግሌ በከዘራ ይደገፋል፤ ሰውም በሰው ይደገፋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ይህንኑ ያስተምራል። ሎሚው አልቀነሰም፤ ተሸካሚው ነው የበዛው።

ተጽናና፦ ኀዘን ወይም ጭንቀት ለደረሰበት ሰው የምንለው ነው። ሥሩን ተመልከቱ፤ «ጸና» ማለት ጠነከረ፣ አልተነቃነቀም ማለት ነው። የሚያጽናና ሰው ኀዘኑን አያጠፋም፤ ያዘነው ሰው ጸንቶ እንዲቆም ያግዘዋል።

በረታ፦ ጉልበት አገኘ፣ ብርቱ ሆነ። ከሕመም ያገገመም፣ ተስፋ ቆርጦ የነበረ ልጅም ይበረታል። «አበረታታ» ብንል ደግሞ ሌላውን ሰው እንዲበረታ አደረገ ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ አጭሩ ቃላችን «አይዞህ»፣ «አይዞሽ»፣ «አይዟችሁ»፣ ለታላላቆቻችን ደግሞ «አይዞዎት» ነው።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። ልጁ ከእኔ ጋር ቁጭ ብሎ ቃላቱን አንድ በአንድ አየና እንደገና ጻፈ፦ «እማማ፣ ድምፅዎን በስልክ ስሰማ እበረታለሁ።» አያቱ ይህን ሲሰሙ ሐኪም አልጠሩም። «እኔም በርትቻለሁ በሉት» አሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን የሚሰማቸው ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚያጡት ቃሉን ነው። ልጃችሁ የተሳሳተ ቃል ሲጠቀም አትሳቁበት፤ «ምን ማለትህ ነው? ምን ማለትሽ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያን ጊዜ ትክክለኛው ቃል አብራችሁ ስትፈልጉት ይገኛል።

መልመጃ፦ በባዶ ቦታው ተስማሚውን ቃል አስገቡ (ተደገፈች፣ ተንሳፈፈ፣ ተጽናናች፣ ተነሣሣ)።
1. ኳሱ ወንዙ ላይ ______።
2. እግሯን ስላመማት እናቷን ______።
3. ወንድሙ ሲሸለም አይቶ ለማጥናት ______።
4. ድመቷ የሞተችባት ልጅ በጓደኞቿ ______።

መልሳችሁን በደብተራችሁ ጽፋችሁ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ። ከዚያ በፊት ግን ለአያት ወይም ለአክስት ደውላችሁ ከእነዚህ ቃላት አንዱን ተጠቀሙ።

በሚቀጥለው እስክንገናኝ ደህና ሁኑ፣ በርቱ!