የስኳር መሣሪያ ለጥፎ ስካን መነሣት

ስኳር ያለባቸው ብዙ ሰዎች ዛሬ ሕክምናቸውን ሰውነታቸው ላይ ለጥፈው ነው የሚውሉት። ሴንሰሩ ክንድ ወይም ሆድ ላይ ይቀመጣል፤ ፀጉር የምታህል ክሩ ከቆዳ ሥር ገብታ የስኳሩን መጠን ትለካለች፤ ውጤቱ ስልክ ላይ ይታያል። ፓምፑ ደግሞ ቀንና ሌሊት ኢንሱሊን በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል። ሐኪም ስካን ሲያዝ ታዲያ «ላውጣው ወይስ ይቆይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ እንደ ምርመራው ይለያያል።

አልትራሳውንድ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ስለሆነ የሚያሰጋ ነገር የለውም፤ ባለሙያው መሣሪያው ያለበትን ቦታ እንዳይጫን ማሳየት ይበቃል። በራጅና በሲቲ ስካን ግን ጨረሩ በቀጥታ ካረፈበት የመሣሪያውን አሠራር ሊያዛባ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2008 እ.ኤ.አ. ስለ ሲቲ ስካን ማሳሰቢያ አውጥቶ ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ጉዳት የመድረስ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ አጣዳፊ ምርመራ በዚህ ምክንያት አይዘገይም።

ኤምአርአይ ለብቻው ነው። የተለመደው ማሽን የመግነጢስ ጉልበት 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው፤ 1.5 ቴስላ ከመሬት መግነጢስ 30 ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። መግነጢሱ ምርመራ በሌለበት ሰዓትም አይጠፋም፤ «ገና አልጀመሩም» ብሎ ፓምፕ ይዞ መግባት አይቻልም። ፓምፑ ሊሳብ፣ ሞተሩም ተበላሽቶ ኢንሱሊን አብዝቶ ወይም አሳንሶ ሊሰጥ ይችላል። የብረት መርፌ ያለው ማስገቢያም አብሮ ይወጣል። እንደ ኦምኒፖድ ያለው ቱቦ አልባ ፓምፕ ተነቅሎ ይጣላል፤ ከምርመራው በኋላ አዲስ ይለጠፋል። ሴንሰርም ይነቀላል፤ አንዳንድ አዳዲስ ሴንሰሮች ግን በተወሰነ ሁኔታ እንዲገቡ ስለተፈቀደላቸው የራስን ሞዴል መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

ፓምፑ ሲወልቅ ሌላ ስጋት ይመጣል። ውስጡ ያለው ቶሎ የሚሠራና ቶሎ የሚያልቅ ኢንሱሊን ብቻ ስለሆነ ለሰዓታት ከተቋረጠ ስኳር ከፍ ይላል፣ ኪቶን የተባለው አሲድም ይጠራቀማል። እስከ አንድ ሰዓት የሚሆን መቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም፤ ከዚያ ለሚረዝም ግን ከሐኪም ጋር ስለ መርፌ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። ከመግባት በፊትና ከወጡ በኋላ ጣት ወግቶ መለካትም አይቀርም።

የተነቀለ ሴንሰር ተመልሶ አይለጠፍም። ሊብሬ 2 የተባለው ሴንሰር ለምሳሌ ለ14 ቀን የሚያገለግል ነው፤ በሦስተኛው ቀን መንቀል ገንዘብ መጣል ነው። ምርመራው የማያጣድፍ ከሆነ ቀጠሮውን ሴንሰር በሚቀየርበት ቀን ማድረግ ይሻላል። መሣሪያዎቹ በልብስ ስለሚሸፈኑ ባለሙያው ላያያቸው ይችላል፤ ቀጠሮ ሲያዝ የሞዴሉን ስም ጭምር መናገር የታካሚው ድርሻ ነው።