ቃሬዛው የማይደርስበት መንገድ

በጉና ተራራ ሥር ባሉ የፋርጣ ቀበሌዎች፣ በጋይንትና በስማዳ ገደላማ ሠፈሮች ሰው ሲጠናበት ጎረቤት ይጠራራል። ሁለት አጠና ይመጣል፣ ጠፍር ይታሰራል፣ ጋቢ ይነጠፋል። አራት ጎልማሶች ቃሬዛውን አንሥተው ይወጣሉ፤ የደከመውን ሌላው ይቀበለዋል። መኪና መንገድ እስኪደርሱ ድረስ ዋጋ የሚጠይቅ የለም። ነገ ተራው የማን እንደሆነ አይታወቅምና።

በቃሬዛ የመጣችው ወላድ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ስትደርስ ግን የትከሻው ሥራ ያበቃል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ካልቆመ ጤነኛ የነበረችን እናት በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፤ በአገራችን እናቶችን ከሚነጥቁት ምክንያቶችም ዋነኛው ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ይሰጣል፣ ይሰፋል። ደም ግን አይሠራም። ደም የሚገኘው ከሰው ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ የደም ባንክን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ቀይ መስቀል ማኅበር ነው። ለረጅም ዘመን ሸክሙ የወደቀው በአስታማሚ ላይ ነበር፤ ለታማሚው የሚሰጠው ደም በቤተ ዘመድ ደም ይተካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 አገልግሎቱ ወደ ጤና ሚኒስቴር ከተዛወረ ወዲህ በፈቃደኛ ለጋሾች ላይ እንዲቆም ብዙ ተሠርቷል። ይህ ለውጥ ያለ ምክንያት አልመጣም። የተጨነቀ ዘመድ ስለ ጤናው ሲጠየቅ የሚያውቀውን ሊደብቅ ይችላል። ደሙም ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረሶች ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝም ሳይመረመር ለማንም አይሰጥም። ስለዚህ ወላዷን የሚያድናት ዛሬ የሚቀዳው ደም ሳይሆን ቀድሞ ተቀድቶ፣ ተመርምሮ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠው ነው።

መለገስ ራሱ ቀላል ነው። ክብደትና የደም ግፊት ይለካል፣ ከጣት ጫፍ በምትወሰድ ጠብታ በደሙ ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን መጠን ይታያል። ለጋሹ ጋደም ብሎ መዳፉን ጨበጥ ዘርጋ ያደርጋል፤ አጠገቡ ያለችው ከረጢት ቀስ እያለች ትሞላለች። አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ከረጢቷ 450 ሚሊ ሊትር ያህል ትይዛለች። የለጋሹ ስም አይጻፍባትም፤ መለያዋ ቁጥር ነው። ማን እንደሚቀበላት እሱም አያውቅም።

«ደሜ ያልቃል» የሚለው ስጋት በደጋው ሰው ዘንድ ዛሬም አለ። ሰውነት ግን ፈሳሹን በአንድ ሁለት ቀን፣ ቀይ የደም ሕዋሱን በሳምንታት ውስጥ ይተካል። በሦስት ወር አንዴ መለገስ የሚፈቀደውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ፣ የሄሞግሎቢናቸው መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። የደጋው ሰው ደም ጎደሎ አይደለም።

የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ቀዝቅዞ የሚቆየው 35 ቀን ያህል ነው። ሰኔ 7፣ በዓለም የደም ለጋሾች ቀን፣ የተቀዳ ደም ሐምሌ 12 ጊዜው ያልፍበታል። ያኔ ዋነኞቹ ለጋሾች፣ ተማሪዎች፣ በየቤታቸው ናቸው። ፍልሰታ ሲገባ ብዙ ጿሚ መለገስን ይተዋል። ከተማዋ ስሟን የምትጋራው የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ሲደርስ ችቦው ይበራል፤ የወሊድ ምጥ ግን ክረምትም ጾምም አይጠብቅም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ደም ከሌላ ከተማ ማምጣትን አክብዶታል።

መድኃኒቱ በእጃችን ነው። እድራችን በየወሩ ይሰበሰባል፤ ደም በሦስት ወር አንዴ ነው። አባላቱን በየተራ ከፍሎ ክረምትን ጨምሮ ዓመቱን ሙሉ የሚያዳርስ እድር የሚያውቀውን ደንብ ነው የሚሠራው። ዕድሜህ ከ18 ዓመት በላይ፣ ክብደትህ ከ45 ኪሎ ያላነሰ፣ ጤንነትህም የተሟላ ከሆነ ተራህ ደርሷል። የማታውቃት እናት እስክትጠራህ አትጠብቅ፤ ስትደርስ ደምህ ቀድሟት ይገኝ።