የጠመንጃ ማመሳሰያ ቀለም፦ ከቀለሙ ይልቅ ጠርዙ

ከፋብሪካ የሚወጣ ዘመናዊ ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው። ጥቁረቱ ብረቱን ከዝገት፣ አሉሚኒየሙን ከመፋቅ ከሚከላከሉት ሽፋኖች የመጣ እንጂ ባለቤቱን ለመሰወር ታስቦ የተመረጠ አይደለም። በሜዳም ሆነ በጫካ ግን አንድ ሜትር የሚጠጋ ጥቁርና ቀጥ ያለ መስመር እምብዛም አይገኝም። በአፍጋኒስታንና በኢራቅ የዘመቱ የአሜሪካና የብሪታንያ ወታደሮች ልብሳቸው ከአካባቢው ጋር ተመሳስሎ ሳለ የያዙት መሣሪያ ያሳብቅባቸው ነበር። ስለዚህም ከመካከላቸው ጥቂት የማይባሉት ከተራ ሱቅ በሚገዛ የሚረጭ ቀለም ጠመንጃቸውን በእጃቸው ቀብተዋል፤ አዳኞችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ተስማሚውን አረንጓዴ ወይም ቡኒ መምረጥ ይበቃል የሚለው የተለመደ ግምት ግን ስለ እይታ ከሚታወቀው ጋር አይጣጣምም።

ለዚህ ጉዳይ የተሻለው ማስረጃ የተገኘው ከጦር ሜዳ ሳይሆን ከእሳት እራት ነው። ኢነስ ከትሂል፣ ማርቲን ስቲቨንስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት የእሳት እራት የሚመስሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ወረቀቶችን ትል አያይዘው በዛፍ ግንድ ላይ ሰኩ፤ ወፎች የትኞቹን ፈጥነው እንደሚያገኙም ተከታተሉ። ዝንጉርጉሩ የወረቀቱን ጠርዝ አቋርጦ የሚያልፍባቸው፣ ያንኑ ቀለም በመካከላቸው ብቻ ከያዙት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ሳይበሉ ቆዩ። የቀለሞቹ ልዩነት ጎላ ማለቱም ጥቅሙን አጠናከረው። ወፉን ያሳተው የቀለም መመሳሰል ብቻ አልነበረም፤ የአካሉ ዳርቻ ተቆራርጦ ቅርጹ መጥፋቱም ጭምር ነው።

ይህ ወደ ጠመንጃ ሲመጣ የመጠን ጥያቄ ያስነሣል። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለያይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ገደማ ካላነሰ ነው። ይህ ማዕዘን በ100 ሜትር ርቀት 3 ሴንቲ ሜትር፣ በ300 ሜትር ደግሞ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ በቅርብ ሲያዩት እጅግ የሚያምረው፣ በቅጠልና በመረብ ቅርጽ የወጣ ባለ 2 ሴንቲ ሜትር ዝንጉርጉር በ100 ሜትር ላይ ተቀላቅሎ አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል። ጠቆር ያለው ቀለም ከበዛበት ባለቤቱ የደከመበት ጠመንጃ ከሩቅ ሲታይ ተመልሶ ጥቁር ነው። ይህም በቤት ውስጥ ቅብ ላይ ዘወትር የሚታይ ስሕተት ነው፤ ሠሪው ሥራውን የሚመዝነው በክንዱ ርቀት ሆኖ ነውና።

በአንጻሩ ቀጭንነት ብቻውን አይሰውርም። ውጫዊ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ አፈሙዝ በ300 ሜትር ላይ ከዚያ የመለያ ወሰን በአራት እጥፍ ያህል ያንሳል፤ ያም ሆኖ ይታያል። ሴሊግ ሄክትና አስቴር ሚንዝ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተሙት ጥናት በብሩህ ዳራ ላይ የተዘረጋ ጥቁር ሽቦ ውፍረቱ የዲግሪ 1/7,200ኛ ብቻ ሆኖ ሳለ እንደሚታይ አሳይተዋል። ዓይን የሽቦውን ስፋት ለይቶ አያውቅም፤ የሚይዘው መስመሩ በሬቲና ላይ የሚጥለውን ደብዛዛ ጥላ ነው። የዚህ መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ የጠመንጃውን ጠቅላላ ድምቀት ወደ አካባቢው ማቅረብና ረጅሙን መስመር መቆራረጥ። ስለዚህ ዋነኞቹ ቀለሞች ከሰደፍ እስከ አፈሙዝ ጠመንጃውን አግድም የሚያቋርጡ፣ ስፋታቸው ያልተካከለና ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆኑ ጥምጣሞች ቢሆኑ ይመረጣል። ካዝናውና አጉልቶ ማያ መነጽሩም የየራሳቸው ጠርዝ ስላላቸው ቅቡ በመገጣጠሚያቸው ላይ ሳይቆም ሊሻገር ይገባል።

የአሠራሩ ዝርዝር አጭር ነው። ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት ከተረጋገጠ በኋላ ዘይቱ በአልኮል ይጠረጋል፤ በቅባት ላይ የተረጨ ቀለም አይጣበቅምና። የአፈሙዙ ቀዳዳ፣ ሌንሶቹና ተንቀሳቃሽ ክፍሎቹ በፕላስተር ይሸፈናሉ። ፈዛዛው ቀለም ይቀድማል፣ ጠቆር ያለው ይከተላል፤ ሁሉም የማያብረቀርቅ መሆን አለበት፣ አንድ የፀሐይ ነጸብራቅ የቀረውን ልፋት ከንቱ ያደርጋልና። ተራ ቀለም በሚግል አፈሙዝ ላይ ይላጣል፤ መልሶ መቀባቱ ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሌላው ከተፈጥሮ የተወሰደ ዘዴ ጀርባን ማጥቆርና ሆድን ማንጣት ነው፤ ከላይ የሚመጣው ብርሃን የሚፈጥረውን ጥላ ያካክሳል። እንስሳ አጥኚው ሂዩ ኮት እ.ኤ.አ. በ1940 በሐዲድ ላይ ከሚንቀሳቀሱ ሁለት የብሪታንያ መድፎች አንዱን በዚህ መንገድ፣ ሌላውን በተለመደው አቀባብ አስቀብቶ ከአየር ፎቶግራፍ እንዲነሡ አድርጎ ነበር፤ የእርሱን መድፍ ከፎቶግራፉ ለይቶ ማግኘት እጅግ አዳጋች ሆነ። ይሁን እንጂ መድፍ ሁልጊዜ አንድ ጎኑን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል። ጠመንጃ ይነገታል፣ ይዘቀዘቃል፣ በጎኑ ይጋደማል፤ በመሆኑም ዘዴው ለእርሱ ያለው ጥቅም ውስን ነው።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ለቀን ብርሃን ነው። ሕያው ቅጠል ዓይን ከሚያየው ቀይ ባሻገር ያለውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ግማሽ ያህሉን ያንጸባርቃል፤ የሌሊት መነጽርም እስከ 900 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ይህን ብርሃን ይይዛል። ብዙ ተራ አረንጓዴ ቀለሞች ግን ይመጡታል። በቀን ከቁጥቋጦው ያልተለየው ጠመንጃ በሌሊት መነጽር ሲታይ ነጭ በመሰለ ቅጠል መካከል እንደ ጥቁር በትር ጎልቶ ይወጣል። ለወታደራዊ ቀለም እንደ ክሮሚየም ኦክሳይድ ያሉ ቅርብ ኢንፍራሬድን የሚያንጸባርቁ ማዕድናት የሚመረጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ በሱቅ ቀለም ጣሳ ላይ የሚጻፈው ግን ዓይን የሚያየው ቀለም ስም ብቻ ነው።